«ልጄን ለባስኬትቦል ፍሎሪዳ ልላከው?»

ጥያቄ፦

ሰላም ለእናንተ። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ ጁላይ ላይ 16 ይሞላዋል። ቁመቱ 6 ጫማ ከ5 ኢንች ደርሷል። ፐብሊክ ስኩል ውስጥ 10ኛ ክፍልን ሊጨርስ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል፤ ጂፒኤው 3.4 ነው። በኤኤዩ (ከትምህርት ቤት ውጭ ባለ የወጣቶች ሊግ) ጨዋታ ላይ ያየው አንድ አሰልጣኝ ፍሎሪዳ ወዳለ አዳሪ ፕሪፕ ስኩል (ለኮሌጅ የሚያዘጋጅ የግል ትምህርት ቤት) እንዲመጣ ጠይቆናል። የዓመቱ ክፍያ 60 ሺህ ዶላር ነው፤ «70 በመቶውን በስኮላርሺፕ እንሸፍናለን» ብሎናል። 10ኛ ክፍልን እንዲደግምም ይፈልጋል፤ «ሪክላስ ካደረገ፣ ማለትም የምረቃ ዓመቱን ከቀየረ፣ አንድ ዓመት ይጎለምሳል» ይላል። ቦታውን ለመያዝ በ10 ቀን ውስጥ 2 ሺህ ዶላር ክፈሉ ተብለናል። አባቱ «ዕድል ደጋግሞ አያንኳኳም» ይለኛል፤ የእኔ ልብ ግን አልቆርጥ ብሏል። ልጁ እስካሁን የወሰዳቸውን ትምህርቶች ዝርዝር ልኬላችኋለሁ። አዲስ አበባ ያለው የ16 ዓመት የወንድሜ ልጅም «እኔንስ ማን ይወስደኛል?» ማለት ጀምሯል። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦

ውድ እህታችን፣ አሁን በቀረበላችሁ ሁኔታ በዚህ ዓመት አይላኩት። 10ኛ ክፍልን እየደገመ እንዲገባ በሚል ስምምነት ደግሞ በምንም ዓመት አይላኩት።

ይህን ስንል ፕሪፕ ስኩል ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። በ2023-24 ፍሎሪዳ ባለው የሞንትቨርዴ አካዳሚ ቡድን ከነበሩት ልጆች አንዱ ዴሪክ ኩዊን ከእናንተው አካባቢ፣ ከባልቲሞር የሄደ ነው። ያ ቡድን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ዓመቱን ጨርሷል። ኩዊን ከዚያ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ መጥቶ አንድ ዓመት ተጫወተና በ2025 የኤንቢኤ ድራፍት (የፕሮፌሽናል ቡድኖች አዲስ ተጫዋች መምረጫ) 13ኛ ሆኖ ተመረጠ። የቡድን ጓደኛው ኩፐር ፍላግ በዚያው ድራፍት አንደኛ ነበር። እንዲህ ዓይነት ቤት አለ። ለእርስዎ ልጅ የቀረበው ግን ይህ ነው ወይ? በጻፉልን መሠረት መልሱ ገና አልታወቀም፤ ደግሞም 10 ቀን አይበቃውም።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ብለን እንለፍ። አሰልጣኞች ቡድናቸውን እስከ ኦገስት ድረስ ሲሞሉና ሲያፈርሱ ይከርማሉ። ልጁን በእውነት የፈለገ አሰልጣኝ በ11ኛው ቀንም ይፈልገዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው፤ 2 ሺህ ዶላሩን ለመመለስ ከመሟገት አለመክፈል ይቀላል። መክፈል ካለብዎም ገንዘቡ የሚገባው በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ክፍል በኩል፣ በትምህርት ቤቱ ስም፣ በደረሰኝ ነው። በአሰልጣኙ ወይም «በአገናኙ» ስልክ ቁጥር በዜል ላኩ ከተባሉ ነገሩ እዚያው አብቅቷል።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ፤ ክፍል መድገሙ። አሰልጣኙ የነገረዎት ግማሹን ብቻ ነው። አንድ ዓመት መጎልመስ ጥቅም አለው፤ በ16 እና በ17 ዓመት መካከል ያለ የጉልበት ልዩነት ሜዳ ላይ በግልጽ ይታያል። ነገር ግን የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ለዲቪዥን ዋን፣ ማለትም ለከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ፣ ብቁነት ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ልጁ 9ኛ ክፍል ከገባበት ቀን ነው። ከዚያ ጀምሮ አራት ዓመት፣ ማለትም ስምንት ሴሚስተር አለው። በዚህ ጊዜ ውስጥ 16 ኮር ኮርሶች (ኤንሲኤኤ የሚቆጥራቸው ዋና ዋና ትምህርቶች) መጨረስ አለበት፤ 4 ዓመት እንግሊዝኛ፣ 3 ዓመት ሒሳብ ከአልጀብራ 1 ጀምሮ፣ 2 ዓመት ሳይንስ፣ 2 ዓመት ሶሻል ሳይንስ፣ 1 ተጨማሪ ከእንግሊዝኛ ወይም ከሒሳብ ወይም ከሳይንስ፣ የቀሩት 4 ደግሞ ከእነዚሁ ወይም ከውጭ ቋንቋ፣ ከፍልስፍና፣ ከሃይማኖት ጥናት። በእነዚህ ኮርሶች ብቻ የተሰላው ጂፒኤ ከ2.3 ማነስ የለበትም። ክፍል መድገም ይህን ሰዓት አያቆመውም።

የላኩልንን ዝርዝር በዚህ መለኪያ አየነው። በ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ፣ ጂኦሜትሪ፣ ባዮሎጂ፣ የአሜሪካ ታሪክና ስፓኒሽ 1 ወስዷል። በ10ኛ እንግሊዝኛ፣ አልጀብራ 2፣ ኬሚስትሪ፣ ገቨርንመንትና ስፓኒሽ 2 እየጨረሰ ነው። ይህ 10 ነው። አልጀብራ 1ን በ8ኛ ክፍል ወስዷል፤ ያ ኮርስ በሃይስኩሉ ትራንስክሪፕት ላይ ከውጤትና ከክሬዲት ጋር ከተጻፈ ኤንሲኤኤ ይቀበለዋል፣ እናም 11 ይሆናል። ካውንስለሩን ሄደው መስመሩን በዓይንዎ ይዩት። ሌላም ደንብ አለ፤ ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፣ ከ10ሩ ደግሞ 7ቱ ከእንግሊዝኛ፣ ከሒሳብና ከሳይንስ መሆን አለባቸው። ልጅዎ ያለ አልጀብራ 1 ከእነዚህ ያለው 6 ነው፤ አልጀብራ 1 ሲታከል 7 ይሞላል። ስለዚህ ኬሚስትሪውንና አልጀብራ 2ን በደህና ካለፈ፣ ሌላው ልጅ በ11ኛ ክፍል መጨረሻ የሚሯሯጥበትን እርሱ በ10ኛ ጨርሶታል። የቀሩት 5 ኮርሶች ብቻ ናቸው፤ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ፣ አንድ ከእንግሊዝኛ ወይም ከሒሳብ ወይም ከሳይንስ፣ ሁለት ደግሞ በምርጫ።

ይህ ልጅ 10ኛ ክፍልን ቢደግም ምን ይሆናል? ሰዓቱ ሲያልቅ ገና አዲሱን 11ኛ ክፍል መጨረሱ ነው። 9ኛ፣ 10ኛ፣ እንደገና 10ኛ፣ ከዚያ 11ኛ፤ አራት ዓመት። የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አምስተኛው ዓመት ላይ ይወድቅና ለዲቪዥን ዋን አይቆጠርለትም። የተደገመ ኮርስ ደግሞ የተሻለው ውጤት ይያዝለታል እንጂ እንደ ሁለት አይቆጠርም። ማምለጫው በአንድ ዓመት ሁለት እንግሊዝኛ ደርቦ መውሰድ ነው፤ በሳምንት ስድስት ቀን እየተለማመደ፣ በየሁለት ሳምንቱ አውሮፕላን እየተሳፈረ። ከተመረቁ በኋላ አንድ ተጨማሪ ኮር ኮርስ ወስዶ ማስቆጠር ይቻላል የሚባለው እውነት ነው፤ እሱ ግን በአራት ዓመቱ በሰዓቱ ለተመረቀ ተማሪ ብቻ ነው። ዲቪዥን ቱ እንዲህ አይጨክንም። አሰልጣኙ የሚሸጥልዎት ግን ዲቪዥን ዋንን ነው።

ታዲያ ሪክላስ የሚያደርገው ሁሉ እንዴት ይተርፋል? አብዛኛው የሚደግመው 8ኛ ክፍልን ነው፤ ያኔ ሰዓቱ አልጀመረም። ሌሎቹ ኮርሶቻቸውን ቀድሞ የሚያሰላ ሰው አላቸው። በነገራችን ላይ ከቅርብ ዓመታት ስሙ የገነነው ሪክላስ የኩፐር ፍላግ ነው፤ እርሱ የ2025 ተመራቂ ሊሆን ሲገባው ወደ 2024 አንድ ዓመት ወደፊት ዘለለ እንጂ ወደኋላ አልቀረም።

ልጁ አንድ ዓመት መጎልመስ ካስፈለገው ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ፤ ፖስት ግራድ የሚባለው። ልጁ በአራት ዓመቱ 16ቱን ጨርሶ፣ ዲፕሎማውን ይዞ ይመረቃል። ከዚያ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት አንድ ዓመት በአዳሪ ትምህርት ቤት ይጫወታል። ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ያሉት ብሩስተር አካዳሚና ኒው ሃምፕተን በዚህ የታወቁ ናቸው። ያኔ የቀረችው አንድ ኮርስ ብትኖር እንኳ ትቆጠርለታለች። 18 ዓመት ስለሚሆነውም ከቤት መውጣቱ አያስጨንቅም። በዚያ ጊዜ የሚያዩትን ኮሌጆች «አንድ ዓመት ብንጠብቅ የመጫወቻ ዘመኑ ይነካል ወይ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የዓመታት ደንብ በየጊዜው ይሻሻላል።

ቀጥሎ፣ አሰልጣኙ ያልነገረዎት ነገር አለ፤ ልጁ የሚገባው የትኛው ቡድን ውስጥ ነው? ብዙዎቹ ፕሪፕ ስኩሎች ሁለት ሦስት ቡድን ይይዛሉ። በቴሌቪዥን የሚታየው «ናሽናል» የሚባለው ነው፤ ከእርሱ ሥር «ሪጅናል» ወይም «ቫርሲቲ»፣ አንዳንዴም የፖስት ግራድ ቡድን አለ። ማሊያው አንድ ዓይነት ነው፣ ፎቶውም ኢንስታግራም ላይ አንድ ይመስላል። የኮሌጅ አሰልጣኞች ግን የሚመጡት ለመጀመሪያው ነው። ናሽናል ቡድን ውስጥ ያሉ ኮከቦች ብዙውን ጊዜ ምንም አይከፍሉም፤ የሁለተኛውና የሦስተኛው ቡድን ቤተሰብ ይከፍላል። 30 በመቶ ክፈሉ መባልዎ ብቻውን ልጁ የት እንደተመደበ ባያረጋግጥም፣ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው።

ቁመቱንም በቅን ዓይን እንየው። 6 ከ5 በቤተ ዘመድ ሠርግ ላይ ራስ የሚያስዞር ቁመት ነው። በዲቪዥን ዋን የወንዶች ባስኬትቦል ግን መካከለኛ ነው። አሁን በትምህርት ቤቱ ቅርጫት ሥር ቆሞ ሪባውንድ የሚለቅም ከሆነ፣ ኮሌጅ ላይ ያ ቦታ የ6 ከ10 ልጆች ነው። እርሱ ኳስ መንዳት፣ ከሩቅ መወርወርና ጋርድ (ኳስ የሚነዳውን ፈጣን ተጫዋች) መያዝ መማር አለበት። ይህን የሚማረው በመጫወት ነው። ፕሪፕ ስኩል ሄዶ በጨዋታ አራት ደቂቃ ብቻ ከገባ፣ ልምምዱ የቱንም ያህል ቢጠነክር እድገቱ ይዘገያል። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት የተጫዋቾች ዝርዝር ይጠይቁ፤ ማን ይመለሳል፣ በእርሱ ቦታ ስንት ሰው አለ፣ ዘንድሮስ ለስንት ልጅ ጥሪ ልካችኋል? ትምህርት ቤቱ ኤንቢኤ የገቡትን ስም ይደረድርልዎታል። እርስዎ 8ኛው፣ 10ኛውና 12ኛው ተጫዋች የት እንደደረሱ ይጠይቁ። ልጅዎ መጀመሪያ የሚቀመጠው እነሱ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ነው። በዓመቱ መካከል ልጃቸውን ያስወጡ ሁለት ወላጆችም ፈልገው ያነጋግሩ፤ አሰልጣኙ የሚሰጥዎት ስልክ የደስተኞቹን ብቻ ነው።

«እዚያ ከሄደ ኮሌጆች ያዩታል» የሚለው ቃል እንደ ድሮው ክብደት የለውም። ከ360 የሚበልጡ የዲቪዥን ዋን ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ከ2025-26 ጀምሮ ኮሌጆች ለተጫዋቾች እንዲከፍሉ የሚፈቅደውን አዲሱን ስምምነት የተቀበለ ትምህርት ቤት የወንዶች ባስኬትቦል ቡድኑ ከ15 ተጫዋች መብለጥ አይችልም። ከእነዚህ ቦታዎች ብዙዎቹን አሁን የሚወስዱት ከሌላ ኮሌጅ በትራንስፈር ፖርታል የሚመጡ የ20 እና የ22 ዓመት ጎልማሶች ናቸው። ከሃይስኩል ተጫዋቾች ዲቪዥን ዋን የሚደርሰው ከ100 አንዱ ገደማ ነው። 3.4 ጂፒኤ ያለው ልጅ ግን ሌላም በር አለው፤ ዲቪዥን ስሪ ለስፖርት ስኮላርሺፕ ባይሰጥም፣ በቤተሰብ ገቢ ላይ ተመሥርተው ከፍተኛ እርዳታ የሚሰጡ ጠንካራ ኮሌጆች እዚያ ሞልተዋል። ውጤቱን ለአንድ ወቅት ጨዋታ ብሎ ማበላሸት ይህን በር መዝጋት ነው።

ስለ ገንዘቡ። 30 በመቶው 18 ሺህ ነው፤ 10ኛን ከደገመ ሦስት ዓመት ስለሚሆን 54 ሺህ፣ ካልደገመ 36 ሺህ ነው። የመድገሙ ዋጋ በዶላር ይህ ነው። እርዳታው በመቶኛ ነው ወይስ በቁርጥ ገንዘብ? ክፍያው በ4 በመቶ ጨምሮ 62,400 ቢሆን፣ በመቶኛ ከሆነ እርስዎ 18,720 ይከፍላሉ፤ በቁርጡ 42 ሺህ ከሆነ 20,400። ይህ ትንሹ ልዩነት ነው። ትልቁ፣ እርዳታው በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑ ነው። በሁለተኛው ዓመት ወደ 50 በመቶ ቢወርድ 30 ሺህ ዶላር ይጠበቅብዎታል፤ ልጁም ያኔ እዚያ ሥር ሰዷል። የታክስ ወረቀታችሁን ሳይጠይቅ መቶኛ የጠራ ሰው፣ የእርዳታ ክፍሉን ገና አላነጋገረም ማለት ነው። ባለቤትዎ በኡበር ወይም በሌላ የግል ሥራ የሚሠሩ ከሆነ፣ በታክስ ላይ የተቀነሰውን የመኪና እርጅና አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ወደ ገቢ መልሰው እንደሚደምሩት ይወቁ።

በ18 ሺው ውስጥ ያልተካተተውን አንድ በአንድ ያስጽፉ፤ የቡድን ጉዞ፣ ጫማና ማሊያ፣ መጻሕፍት፣ የግል አሰልጣኝ፣ ለበዓላት መመላለሻ ትኬት። ዶርሙ ለታንክስጊቪንግና ለገና ይዘጋል፤ ቡድኑ ግን በዲሴምበር መጨረሻ ውድድር ላይ ነው። በዚያ መካከል ልጁ የት ያድራል? ሕክምናም አለ። በሜሪላንድ ሜዲኬይድ ከሆናችሁ ፍሎሪዳ ላይ ከድንገተኛ ሕክምና ያለፈ ነገር አይሸፍንም፤ የጉልበት ኤምአርአይና ፊዚዮቴራፒ ድንገተኛ አይባሉም። የጤና መድናችሁ ኬይዘር ከሆነም ፍሎሪዳ ውስጥ ኬይዘር የለም።

የምዝገባ ውሉን ደግሞ ከማስታወቂያው ይልቅ ረጋ ብለው ያንብቡት። አብዛኛው ውል ከተወሰነ ቀን በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከጁን ወይም ከጁላይ ወዲህ፣ ልጁ ቢወጣም የዓመቱን ሙሉ ክፍያ ያስከፍላል። ኖቬምበር ላይ ተከፍቶ ቢመለስ የቀረው ዕዳ ይከተላችኋል፤ ዕዳ ያለበትን ተማሪ ትራንስክሪፕት አልሰጥም የሚሉ የግል ትምህርት ቤቶችም አሉ። አሰልጣኙ ሥራ ቢቀይር፣ ልጁ ቢጎዳ ወይም ወደ ሌላ ቡድን ቢወርድ እርዳታው ይቀጥላል ወይ የሚለው መጻፍ አለበት። የሚጽፈውም አሰልጣኙ ሳይሆን የቅበላ ክፍሉ ኃላፊ ነው። አሰልጣኝ በቴክስት ቃል ሊገባ ይችላል፤ ትምህርት ቤቱን የሚያስገድደው ግን ውሉ ነው።

ደግሞ ቡድኑና ትምህርት ቤቱ አንድ አካል መሆናቸውን ያረጋግጡ። አንዳንዱ «አካዳሚ» ቡድን ብቻ ነው፤ ልጆቹ የሚማሩት በኪራይ ሌላ ትምህርት ቤት ውስጥ ወይም በላፕቶፕ ነው። ኔቫዳ የነበረው ፊንድሌይ ፕሪፕ በ2009፣ በ2010 እና በ2012 ብሔራዊ ውድድር ያሸነፈ፣ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ቡድን ነበር። ተጫዋቾቹ የሚማሩበት ሄንደርሰን ኢንተርናሽናል ስኩል በ2019 ግንኙነቱን ሲያቋርጥ ቡድኑ ፈረሰ። የናንተው ሮክቪል የነበረው፣ የኤንቢኤ ኮከቡ ኬቪን ዱራንት የተመረቀበት ሞንትሮዝ ክርስቲያንም በ2013 ተዘግቷል።

ማጣሪያው ከባድ አይደለም፤ ዛሬ ማታ ከቤትዎ ሊያደርጉት ይችላሉ። በኤንሲኤኤ የብቁነት ማዕከል ድረ ገጽ ላይ የሃይስኩሎች መፈለጊያ አለ። የትምህርት ቤቱን ስምና ግዛቱን ሲያስገቡ የጸደቁለትን ኮርሶች ዝርዝር ያወጣልዎታል። ስሙ ከሌለ፣ ወይም «በተራዘመ ግምገማ ላይ» የሚል ከተጻፈበት፣ ጉዳዩን እዚያው ይተዉት። ካለም ልጁ የሚወስዳቸውን አምስት ኮርሶች በስማቸው ይፈልጉ፤ ትምህርት ቤቱ ጸድቆ ኮርሱ ሳይጸድቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ኦንላይን ኮርስ ካለ፣ አስተማሪው ከተማሪው ጋር በቋሚነት የሚገናኝበትና መጀመሪያና መጨረሻው የተወሰነ መሆን አለበት፤ በሦስት ሳምንት ተጠቅልሎ «ኤ» የሚሰጥ ኮርስ ተቀባይነት አያገኝም። ኤንሲኤኤ በ2006 ውጤት የሚሸጡ ትምህርት ቤቶችን ትራንስክሪፕት አልቀበልም ማለት ሲጀምር የተጎዱት ልጆቹ ነበሩ።

ለመጎብኘት ከሄዱ የጨዋታ ቀን አይምረጡ። ተራ ማክሰኞ ይሂዱና ክፍል ውስጥ ይቀመጡ፤ ማታም የጥናት ሰዓቱን ማን እንደሚቆጣጠር ይዩ። ባለፈው ዓመት ቡድኑ በጉዞ ምክንያት ስንት የትምህርት ቀን እንዳመለጠው ይጠይቁ፤ ቁጥሩን በቃሉ የማያውቅ ትምህርት ቤት አልቆጠረውም። ኤንቢኤና ዩኤስኤ ባስኬትቦል በጋራ ያወጡት የወጣቶች መመሪያ ለሃይስኩል ዕድሜ በሳምንት ከ14 ሰዓት ያልበለጠ የተደራጀ ጨዋታና ልምምድ፣ ቢያንስ 1 የዕረፍት ቀን፣ በሌሊትም ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይላል። የትምህርት ቤቱን የሳምንት ፕሮግራም ወስደው ደምሩት። ገና በማደግ ላይ ያለ ረጅም ልጅ ጉልበቱ ከጉልበት ሎሚው በታች ማመም ሲጀምር የሚደብቀው አሰልጣኙን ፈርቶ ነው። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ፈቃድ ያለው አትሌቲክ ትሬነር (የስፖርት ጉዳት ባለሙያ) በየቀኑ መኖሩን፣ «አትጫወትም» የማለት ሥልጣን ያለውም እርሱ መሆኑን ያረጋግጡ።

ልጅዎ የሚጾም ከሆነ ይህንንም አሁን ያንሱት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የሚውለውም የውድድሩ ዘመን በሚግልበት በፌብሩዋሪ፣ በማርችና በኤፕሪል ነው። ቤት ውስጥ ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ስላለ አይታሰብዎትም፤ የዶርም ካፍቴሪያ ግን ወተትና እንቁላል የሌለበት የምግብ ምርጫ ብሎ የሚያቀርበው ሰላጣና ፓስታ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ በቀን ሁለት ልምምድ ሲጨመር ልጁ ይከሳል። በየቀኑ ባቄላ፣ ምስር፣ ቶፉና ለውዝ ማግኘት መቻሉን ወጥ ቤቱን ራሱን ይጠይቁ።

እስካሁን «አይሂድ» ካልን፣ ቢቀር ምን ያድርግ? እህታችን፣ እናንተ የምትኖሩት አሜሪካ ውስጥ ባስኬትቦል ከበለጸገባቸው አካባቢዎች በአንዱ ነው። ሃያትስቪል ያለው ዲማታ፣ ዋሽንግተን ያሉት ጎንዛጋና ሴንት ጆንስ፣ ቨርጂኒያ ያሉት ኦኮኔልና ፖል ዘ ሲክስዝ በአንድ ሊግ ይጫወታሉ፤ የኮሌጅ አሰልጣኞች በውድድሩ ወራት ከዚያ አይጠፉም። በ2017 ድራፍት አንደኛ የወጣው ማርኬል ፉልትዝ በልጅዎ ዕድሜ፣ በ10ኛ ክፍል፣ ዲማታ ውስጥ ዋናው ቡድን ሳይገባ ጄቪ ነበር የሚጫወተው። ከቤቱ ሳይርቅ ደረሰ። ወደ እነዚህ የግል ትምህርት ቤቶች ለ11ኛ ክፍል መዛወር የሚፈልጉ ከሆነ ቅበላውን ዛሬውኑ ይጠይቁ፤ የሚቀበሉት ተዛዋሪ ጥቂት ነው።

አለዚያም አሁን ያለበት ፐብሊክ ስኩል ይቆይ። እዚያ 28 ደቂቃ የሚጫወት ልጅ ብዙ ይማራል። የዲቪዥን ዋን የወንዶች ቡድን አሰልጣኞች ልጁን በቀጥታ መደወልና መጻፍ የሚፈቀድላቸው 10ኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። ማለትም ጥቂት ሳምንት ቀርቷል። ከዚያ ቀን አንስቶ በዚህ በጋ የሚደውል አለ ወይስ የለም የሚለው፣ ከማንም አሰልጣኝ ቃል በላይ ልጁ ያለበትን ደረጃ ይነግርዎታል። ሦስት አራት ኮሌጅ ከደወለ ፕሪፕ ስኩሉ አያስፈልገውም፤ ማንም ካልደወለ ደግሞ አንድ በጋ በኳስ መንዳትና በውርወራ ላይ ቢሠራ ይሻለዋል። ልጁን በኤንሲኤኤ የብቁነት ማዕከል ያስመዝግቡት፤ ነጻ የሆነው ገጽ ለጊዜው ይበቃል። ሁለት ሙሉ ጨዋታ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ያስቀርጹ። የደመቁ ጎሎች ብቻ የተገጣጠሙበትን ፊልም አሰልጣኞች አይተው ይዘጉታል፤ ኳስ በሌለበት ምን እንደሚያደርግ ማየት ይፈልጋሉ።

ፍሎሪዳ ላለው አሰልጣኝ የሚሰጡት መልስ አጭር ይሁን፦ «ስለ ጥሪው እናመሰግናለን። ልጃችን ክፍል አይደግምም። በ11ኛ ክፍል ተማሪነት፣ በናሽናል ቡድን ውስጥ፣ እስከ ምረቃ በመቶኛ የተጻፈ እርዳታ ካለ የቅበላ ክፍላችሁ ይጻፍልን፤ በጁን መጨረሻ መጥተን እንጎበኛለን።» ይህን ጽፈው ዝም ቢልዎት መልሱን አግኝተዋል። ተቀብሎ በጽሑፍ ከላከ ደግሞ ያንን ወረቀት ይላኩልን፤ ያኔ ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ለባለቤትዎም አንድ ቃል። ማንም «ልጁን አስገባዋለሁ፤ ወደፊት ከሚያገኘው ይህን ያህል በመቶ ይሰጠኛል» የሚል ወረቀት ቢያመጣ አይፈርሙ፤ ኤንሲኤኤ እንዲህ ያለውን እንደ ወኪል ውል ሊያየው ይችላል። ደመወዝ ከፍለው የሚያጫውቱ ሊጎችም ቢጠሩት ብቁነቱን አሳልፎ እንዳይሰጥ አስቀድመው ይጠይቁ።

የወንድምዎ ልጅ ጉዳይ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ልጅ የግል ፕሪፕ ስኩል ከሞላ ጎደል ብቸኛው የሃይስኩል መንገድ ነው፤ ምክንያቱም በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ ፐብሊክ ሃይስኩል መማር የሚቻለው ከ12 ወር ላልበለጠ ጊዜ፣ ያውም ሙሉ ወጪውን አስቀድሞ ከፍሎ ነው። የግል ትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪ የመቀበል ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፤ አይ-20 የሚባለውን ቅጽ የሚሰጠውም ያ ትምህርት ቤት ብቻ ነው፣ አሰልጣኝም ደላላም መስጠት አይችልም። በቅጹ ላይ የተጻፈውን ወጪ የሚሸፍነው ማን እንደሆነ ቆንስላው ይጠይቃል፤ «ሙሉ ስኮላርሺፕ» ከተባለ ቅጹ ላይ በዶላር መታየት አለበት። የእርሱም የኤንሲኤኤ ሰዓት አዲስ አበባ 9ኛ ክፍል የገባ ቀን ጀምሯል፤ ስለዚህ ከ9ኛ ጀምሮ ያሉትን የትምህርት ማስረጃዎች በማኅተም አስወጥቶ አሁኑኑ ይያዝ፣ አሜሪካ ገብቶ ወደ 9ኛ ክፍል መመለሱ ሰዓቱን አያድስለትም። እዚህ ደርሶ ትምህርት ቤት መቀየር ቢፈልግ፣ የኢሚግሬሽን መዝገቡ ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት ሳይዛወር ከመጀመሪያው ከወጣ ሕጋዊ ቆይታውን ያጣል። «በጉብኝት ቪዛ ይግባ፣ ሌላውን እዚህ እናስተካክላለን» የሚል አሰልጣኝ ካጋጠመው፣ በጉብኝት ቪዛ ትምህርት መጀመር የቪዛውን ደንብ መጣስ ስለሆነ ስልኩን ይዝጋበት።